በጠመኔ የታየ ስንጥቅ

ሰፊዋ የባሏ ዓይን መድከሙን ያወቀችው በመርፌ ነው።

የራሷ ዓይን ቅርብ ማየት ካቃተው ቆይቷል። መነጽር ተገዝቶላት ነበር፤ አፍንጫዬን ይቆነጥጠኛል ብላ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። ስለዚህ ባሏ ጠዋት ጠዋት፣ ምድር ቤት ወዳለው ጋራዡ ከመውረዱ በፊት፣ መስኮቱ አጠገብ ይቆምና ለቀኑ የሚበቋትን መርፌዎች ክር አስገብቶ በጨርቅ መሰኪያዋ ላይ ይደረድርላታል። «ለዚህ ብቻ ነው ያገባሽኝ» ይላታል። «ሌላማ ምን ትሠራልኛለህ» ትለዋለች። ልጃቸው ሕፃን ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ ያልተቀየረ ቀልድ ነው፤ ማንም አይስቅበትም፣ ማንም ግን አይተወውም።

አንድ ቀን ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ብዙ ቆየ። ክሩን በምላሱ አረጠበው፣ በጣቶቹ ፈተለው፣ ደግሞ አረጠበው። በመጨረሻ ክሩ የማይረባ ነው፣ ከየት ነው የምታመጪው ብሎ ተቆጣና መርፌዎቹን ባዶአቸውን ትቶ ወረደ። በማግስቱ ረፍዶብኛል አለ። ከዚያ ወዲያ መስኮቱ አጠገብ መቆሙን ተወው። ሰፊዋ የሥራ ሱሪውን ልታጥብ ስታነሳ ጭኑ ላይ ትንንሽ የደም ነጠብጣቦች አየች። መርፌና ክር ጋራዡ ድረስ ይዞ እየወረደ፣ ከእሷ ተደብቆ ሲሞክር፣ የተወጋ ጣቱንም ሱሪው ላይ ሲጠርግ ከርሟል። ሱሪውን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ባሏ መካኒክ ነው፤ የማንኛውም መኪና መካኒክ ግን አይደለም። የሚሠራው አሮጌ ባለሰንሰለት ትራክተሮችን ነው፤ በጎማ ፈንታ በሁለት የብረት ሰንሰለት ላይ የሚሄዱ፣ መለዋወጫቸው መመረት ካቆመ ዘመን የተቆጠረ፣ አንዳንዶቹም ከእሱ ከራሱ በዕድሜ የሚበልጡ። እንዲህ ያለውን ማሽን ሌላ ጋራዥ ደጃፉን አያስረግጠውም። እሱ ግን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ቡሎን ይፈታዋል። ያለቀውን ብረት ጎረቤቱ በያጁ እንዲሞላለት ያደርጋል፣ የጠፋውን ዕቃ ከሞተ ማሽን ነቅሎ ያመጣል፣ ከየትም ያልተገኘውን በሞርሳ አስሮ በሞረድ ራሱ ይቀርጸዋል። መዶሻ ያነሳ ሰው ባየ ቁጥር «ቀስ» ማለት ስለሚያዘወትር ስሙ ተረስቶ ሰው ሁሉ ጋሽ ቀስ ይለዋል። ሚስቱ እንኳ ስትናደድ «እሺ፣ አቶ ቀስ» ነው የምትለው።

ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። ሐኪሟ በትንሽ መብራት ዓይኖቹን ደጋግማ አየችና በለሰለሰ ድምፅ ነገረቻቸው። የዓይኑ ውስጥ ግፊት ሳያመው፣ ሳያስታውቀው፣ ነርቩን ሲበላው ኖሯል። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ትንሽ ያቆየው እንደሆነ እንጂ አያድነውም። እሱ የጠየቀው ነገር ቢኖር መብራቱ የማን ሥራ እንደሆነ ብቻ ነው፤ አሮጌ ግን ጥሩ ዕቃ ነው አላት። ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ የሚስቱን ክንድ ያዘ። ውጭ ይዟት አያውቅም። ሰው ፍቅረኛሞች ይለናል አላት። እንዳታለቅስ ብላ ሳቀች።

ልጃቸው ሩቅ ከተማ አስተማሪ ናት። በአውቶቡስ መጣችና ጋራዡ እንዲዘጋ ጠየቀች። ያለ ዓይን ከዚያ ሁሉ ብረት መሃል ምን ትሆናለህ፣ አንድ ቀን ክሪኩ ቢንሸራተት ማን ይደርስልሃል አለችው። እሱም አልተከራከራትም። ይሄን አንዱን ግን ቃል ገብቼበታለሁ አለ።

«ይሄ አንዱ» የጋራዡን ወለል በሙሉ ሞልቶ ተበትኖ የተኛ ትራክተር ነው። ባለቤቱ ወፍራም ገበሬ ነው፤ ባለረግረጉ ይሉታል። መሬቱ ሐይቅ ዳር ስለሆነ የጎማ ትራክተር የገባበት እንደሆነ እስከ ሆዱ ይሰምጣል። በዚያ ጭቃ ላይ የሚራመደው ከአባቱ የወረሰው ይሄ ማሽን ብቻ ነው። ዝናብ ሳይገባ ይደርስልሃል ተብሎ ነበር። ጋሽ ቀስ ደግሞ ብቻውን ነው የቀረው። ረዳቶቹ ሁሉ አንድ በአንድ መኪናን ከኮምፒውተር ጋር ወደሚያገናኙ ጋራዦች ሄደዋል። አልፈረደባቸውም፤ እዚያ ልብስ አይቆሽሽም ይል ነበር።

ሰፊዋ ከላይ በመስኮት ታየው ነበር። የጋራዡ ደጃፍ ላይ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጣል። አንድ ዕቃ ያነሳል፣ ያገላብጠዋል፣ ያስቀምጠዋል። ትንሽ ቆይቶ ያንኑ ዕቃ መልሶ ያነሳል።

ይህንን ለጥቂት ቀናት ካየች በኋላ የስፌት መኪናዋን ሸፈነች። ትርፍ ቱታውን አወጣች፣ ወገቡን አጠበበችው፣ እግሩን አሳጠረችው፣ ለበሰችውና ወረደች። እርምጃዋን ሰምቶ ምን ፈልገሽ ነው አላት።

«ንገረኝና ልሥራው» አለች። «ዓይን እኔ ልሁንህ።»

«አንቺ? ቅርብ አታዪም እኮ።»

«መነጽሩን ከመሳቢያ አውጥቼዋለሁ።»

ከሐኪም ቤት ከተመለሰ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቡ ሳቀ።

መጀመሪያ ላይ ጭቅጭቅ ነበር። ግራ ሲላት በእሷ ግራ ትሄዳለች፤ እሱ ደግሞ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ስለተቀመጠ ሁለቱም ይሳሳታሉ። የሰው ግራ እዚህ ቤት አይሠራም አላት፤ መቀመጫው ላይ ወጥተሽ ወደ ፊት እያየሽ ስትነጂ ያለው ነው ግራ። ቡሎን አልፈታ ሲላት ቁልፉ ላይ በሁለት እጇ ትንጠለጠላለች፤ እሱ ከድምፁ ያውቅና ቀስ ይላታል። ዝገቱን ናፍታ አጠጪው፣ ነገ ራሱ ይለምንሻል ይላታል። ማሽኑ መሪ የሌለው መሆኑ ገርሟት ነበር። እንዴት ይዞራል ብላ ጠየቀችው። የግራውን ፍሪሲዮን ስትፈቺ የግራው ሰንሰለት ይቆማል፣ የቀኙ መግፋቱን አይተውም፣ በዚያ ይዞራል አላት። «እንደኛ ቤት ነዋ» አለች፤ «አንዱ ሲያኮርፍ ሌላው ሲዞረው የሚውል።»

ቀስ በቀስ ግን የራሷን መንገድ አመጣች። እሱ የፈታውን ዕቃ በየቆርቆሮው ጨምሮ በትዝታ ያገኘው ነበር። እሷ አንሶላ አነጠፈች፤ የተቆረጠ የኮት እጅጌና ደረት እንደምትዘረጋው ሁሉ እያንዳንዱን ብረት በመጣበት ቅደም ተከተል ዘረጋች፣ በሰፊ ጠመኔዋም ምልክት አደረገችበት። እሱ በጉልበቱ ተንበርክኮ አንሶላውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ። ሲጨርስ ይሄን ያህል ዓመት ስፈልግ የኖርኩት ለካ በከንቱ ነው አለ።

እየሠሩ ያወሩ ነበር። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እሱ ታች፣ እሷ ላይ ሆነው ነው ቀኑ የሚያልፈው፤ ማታ የሚገናኙት ደክመው ነው። አሁን ግን ያልተነገረው ሁሉ ይወጣ ጀመር። ልጃቸው ለሥራ ከቤት የወጣች ዕለት ራዲያተር ውስጥ ውሃ እሞላለሁ ብሎ ሄዶ ኮፈኑ ሥር ማልቀሱን ነገራት። እሷም ልጅ ሳለች በሰው ፊት ሆዷ ጮኾ እንደነበረ፣ እሱም የእኔ ነው ብሎ እንዳዳናት፣ ለዚያ ብላ እንዳገባችው ነገረችው። እሱ ረስቶት ነበር። እነዚያ ሳምንታት የትዳሬ ምርጥ ጊዜ ናቸው ትላለች ሰፊዋ፤ ወዲያው ደግሞ አምላክ ይቅር ይበለኝ ትላለች፤ እሱ የቀረውን ብርሃን በየቀኑ ሲያጣ የነበረው በእነዚያው ሳምንታት ነውና።

ከዚያ የስንጥቁ ቀን መጣ።

ከሰንሰለቱ ሥር፣ ማሽኑን የሚሸከሙት ትንንሽ ብረት ጎማዎች የሚታሰሩበት ረጅም ወፍራም ብረት አለ። ጋሽ ቀስ ያንን ብረት ቀደም ብሎ በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሶ ደህና ነው ብሎ ነበር። ሰፊዋ ልታጥበው ስትል ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ አጠገብ ፀጉር የመሰለ መስመር አየች። ነገረችው። ዳሰሰውና ብረቱ ሲቀልጥ የወጣ ምልክት ነው፣ ከፋብሪካው አብሮት የመጣ ነው አላት። እሷ ግን አላመነችም። አንድ ቀን ራሱ ያስተማራት ዘዴ ነበር፤ በናፍታ አራሰችው፣ በጨርቅ አድርቃ ጠረገችው፣ ከዚያም የልብስ መቁረጫ ጠመኔዋን ላዩ ላይ አሸችበት። ብረቱ ነጭ ሆነ። ሁለቱም ጠበቁ። ስንጥቁ የጠጣውን ናፍታ ወደ ጠመኔው መልሶ ተፋው፣ ነጩ ላይ ጥቁር መስመር ወጣ።

«ታየ?» አላት።

«ታየ።»

«ምን ያህላል?»

ትንሽ ነው ልትለው ትችል ነበር። መስመሩን አየችው፣ የባሏን ፊት አየችው። «ጣት ያህላል» አለችው።

እጁን ዘርግቶ ቦታውን ደግሞ ዳሰሰ። አውራ ጣቱ ጠመኔ ለብሶ ተመለሰ። ብረቱ እንዲሁ ሄዶ ቢሆን ረግረጉ መሃል ለሁለት ይሰበር ነበር፤ ይህንን ሁለቱም አውቀዋል። በያጁን ጥሪው ብቻ አላት። በያጁ መጥቶ ስንጥቁን ከፍቶ ሞላው። ጋሽ ቀስ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ዋለ፤ ስለ ብየዳው አንድ ጥያቄ አልጠየቀም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ንግግሩ እያጠረ ሄደ። ስትጠይቀው ይመልሳል፤ ካልጠየቀችው ዝም ነው። እሷ ደግሞ የምትጠይቀው ነገር እያነሰ መጣ፣ እጇ እየለመደ ነበርና። አንድ ቀን ምሳ በልቶ ጋደም ባለበት በያጁ ቸኩሎ መጣ፤ ሰንሰለቱን ለመግጠም አሁን ካላገዝኩሽ ነገ የለሁም አላት። እሷም ባሏን መቀስቀስ አሳዘናት። ሁለቱ ሰንሰለቱን በክሪክ እየጎተቱ በሚያዞረው ባለጥርስ ብረት ላይ አወጡት፣ ጫፍና ጫፉን አገናኙ፣ ማያያዣውን ብረት መቱት፣ ልኩን አስጠበቁት። ሥራው ስላማረላት እየዘፈነች ነበር።

ጋሽ ቀስ ግድግዳውን እየተደገፈ ወረደ። እጁን ሲዘረጋ ሰንሰለቱ ቦታው ላይ ነው። ቆመ።

መቼ ገባ ብሎ ጠየቀ። ነገረችው። በማሽኑ ዙሪያ በዝግታ ዞረ፤ ሰንሰለቱን ከላይ በኩል በመዳፉ ተጫነው፣ የርግበቱን ልክ ለካ። ልክ ነበር። ሌላውንም ጎን ለካው፤ እሱም ልክ ነበር።

«ጎበዝ» አላት።

ሰፊዋ ይህንን ቃል ለሳምንታት ስትጠብቀው ነበር። ሲመጣ ግን ምነው ባልመጣ አለች። ባሏ ወደ ላይ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ አልወረደም። በነዚያው ቀናት አንድ ጠዋት መጋረጃውን ክፈቺልኝ አላት። መጋረጃው ተከፍቶ ፀሐይ ፊቱ ላይ ነበረች። ተከፍቷል ሳትል ጨርቁን ይዛ አንሻሻችለት።

ማሽኑ የሚነሳበት ቀን ባለረግረጉ ሚስቱን ይዞ መጣ። እንደዚህ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ትልቁን ሞተር የምታስነሳ በቤንዚን የምትሠራ ትንሽ ሞተር አለቻቸው፤ እሷ ደግሞ በገመድ ተስባ ነው የምትነሳው። ሰፊዋ ወደ ላይ ወጥታ ገመዱን አንተ ሳበው ብላ ባሏን ለመነችው። ራሴን አሞኛል አላት። ወርዳ ራሷ ሳበችው። ትንሿ ሞተር ጮኸች፣ ትልቁ ጥቂት ጥቁር ጭስ ተፋና በድፍን ድምፁ ያዘ። የቤቱ መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ባለረግረጉ የአባቱ ድምፅ የመጣ ይመስል ኮፍያውን አወለቀ። በያጁ አጨበጨበ። ሰፊዋ ሁሉንም ትታ ወደ ላይ ሮጠች።

ባሏ አልጋው ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ምን ጎደለው?»

«ምንም።»

አንድ ነገር ቢነቅፍ ምንኛ በወደደች። ቱታዋን እንደለበሰች አጠገቡ ተቀመጠች፤ አልጋ ልብሱ እንደሚቆሽሽ እያወቀች። ተቀይመኸኛል ወይ አለችው። ታች ሞተሩ ይዞራል።

«ዓይኔ ሲሄድ ሥራው እንኳ ይቀርልኛል ብዬ ነበር» አለ። «አፌ አለ፣ እጄ አለ ብዬ። አንቺ ስትችዪው ጊዜ እሱም ሄደ።»

«ቅናት ነው?»

«ቅናት ነው። ምን ብዬ ልዋሽሽ።»

እንግዲያውስ በቃኝ፣ ከነገ ጀምሮ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ አለችው። ያኔ ነው የተቆጣው። በእኔ የተነሳ ከተውሽው ደግሞ ዕውር ብቻ ሳልሆን እንቅፋትም ልሆን ነው፣ ተይኝ አላት።

የባለረግረጉ ማሽን ጭቃው ላይ መራመዱ ተወራና ሌሎች አሮጌ ማሽን ያላቸው መጡ። አንዱ የድንጋይ መፍለጫ ቦታ ባለቤት ነው፤ ዓመታት ዝናብ ሲመታው የኖረ ትራክተር አስጭኖ አመጣ። ሰፊዋ በያጁን እያገዘችና እሱም እያገዛት ሠራችው። ከላይ ባሏ ሬዲዮ ይሰማል። ምግቡን በልቶ ሳህኑን ራሱ ያጥባል። እንደምን ዋልሽ ይላታል፤ ከዚያ በላይ ግን የለም። ታች ስላለው ነገር እሷም ልንገርህ አትለው፣ እሱም አይጠይቃት።

ማሽኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ዘዴ አሰበች። የሞተሩን ክዳን ከፈተች። ከሲሊንደሮቹ በአንደኛው ላይ የቫልቩን ክፍተት ሆን ብላ አሰፋችው፣ ክፍተቱን ቆልፎ የሚይዘውን ዳዶ መልሳ አሰረችው፣ ክዳኑን ዘጋች። ከዚያም ማሽኑን በባሏ መስኮት ትይዩ አስነስታ ተወችው። በሞተሩ ድምፅ መካከል ትንሽ መዶሻ እንደሚመታ ያለ ቀጭን ትክትክታ ይሰማል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ግራሶ የምትቀባ መሰለች።

ትንሽ ቆይቶ ደረጃው ላይ እርምጃ ሰማች። ዞር አላለችም።

«ሦስተኛው ሲሊንደር» አለ ጋሽ ቀስ። «ቫልቩ ላልቷል። አትሰሚም እንዴ?»

«እኔ ደህና ነው የሚመስለኝ።»

«ለጆሮሽም መነጽር እንግዛለት።»

አጥፊው አላት። ቱታውን ከሚስማሩ ላይ በዳሰሳ አገኘውና ለበሰ። ክዳኑን ፈታ፤ ጣቶቹ ቡሎኖቹ ያሉበትን ራሳቸው ያውቃሉ። ቁልፉን ተቀብሏት ዳዶውን ሲፈታ ትንሽ ቆም አለ፤ ክንዱን አደላድሎ ገፋው። ክፍተቱን የሚለካባትን ቀጭን የብረት ቅጠል ከቫልቩ ሥር አስገብቶ ሳባት፣ ጠበብ አደረገ፣ ደግሞ ሳባት፤ ቅጠሏ ልትያዝ ብላ ሳትያዝ ስትቀር አሰረው። ሞተሩ ሲነሳ ትክትክታው የለም። በያጁ ከአጥር ወዲያ ሆኖ ጋሽ ቀስ ተመልሰዋል ማለት ነው ብሎ ጮኸ። ምሳውን ታች በላ፤ እጁን በናፍታና በሰጋቱራ እያሸ ጭቃ ውስጥ ማሽን ያሰጠመ ሾፌር ወሬ አወራ፤ በያጁ እስኪያነባ ሳቀ። ሰፊዋ ከሰዓት በኋላ ፎቅ ላይ ሆና ስትሰፋ የዘፈነችውን ጎረቤት ሁሉ ሰምቷታል።

ጥቂት ቀን እንዲህ ሆነ። ይወርዳል፣ ሳጥኑ ላይ ይቀመጣል፣ ይቀልዳል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሻይ እየጠጡ ሳለ፣ ፊቱን ወደ ብርጭቆው እንዳደረገ፣ ድምፁን ሳይቀይር ተናገረ።

«ዳዶው ጠብቆ ነበር።»

«የቱ ዳዶ?» አለች፤ ገብቷታል።

«በራሱ የላላ ዳዶ በጣት ይዞራል። ያንን ግን ታግዬ ነው የፈታሁት። ሰው ነው አላልቶ ያሰረው።»

ሰፊዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። መቼ አወቅህ አለችው። ገና ቁልፉን ሳሳርፍበት አላት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለ። «ድምፅሽ ደስ ብሎት ነበር።»

አለቀሰች። እሱ እጁን ዘርግቶ ፈለጋትና ትከሻዋን አገኘ። ሁለተኛ እንዳታደርጊው አላት፤ ተናዶም አልነበረም። ከዚያ በኋላ የዝናቡ ወቅት እስኪያልፍ ወደ ጋራዡ ሲወርድ አላየችውም።

ዝናቡ ሲያበቃ ልጃችን ዘንድ ልሂድ አለ። የልጅ ልጄን ሳላቅፍ እንዳላረጅ፣ እዚያ ደግሞ ሕንፃው አሳንሰር አለው አለ። ሌላ ምክንያት አልሰጠም። አውቶቡሱ በር ላይ ሻንጣውን አቀብላው ክንዱን ሳትለቅ ቆየች።

«ልዝጋውና አብሬህ ልምጣ» አለችው።

«ከዘጋሽው አላናግርሽም።»

ሲቀልድና ሲያመርር ለይታ ታውቃለች። የምር ነበር። ክንዱን ለቀቀችው።

አንድ ማሽን ጨርሳ ሌላው እስኪገባ ባለው ጊዜ እየሄደች ትጠይቀው ነበር። የልጃቸው ቤት ከፎቅ በላይ ፎቅ ላይ ነው፤ ከታች የሚያልፍ መኪና እንኳ በደንብ አይሰማም። አተር ሲፈለፍል፣ የልጅ ልጁን ፀጉር በዳሰሳ ሲጎነጉን ታገኘዋለች። ስለ ውሃው መቋረጥ፣ ስለ ጎረቤቷ ውሻ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ። ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ ይባባላሉ። ጣልቃ ሳይገቡ ተራ ጠብቀው ይናገራሉ፤ ድሮ እንዲህ አልነበሩም። ልጃቸው ለእናቷ ሻይ ስታቀርብ እንደ እንግዳ ነበር የምታቀርብላት። ሰፊዋ በአውቶቡስ ስትመለስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ነው የምትመለሰው።

ስልኩ የተደወለ ቀን ማሽን ሥር ነበረች። በያጁ አንስቶ አመጣላት። አባዬ ደረቱን ብርድ መትቶት ሐኪም ቤት ገብቷል፣ ቶሎ ድረሺ አለቻት ልጇ። እጇን በወጉ ሳትታጠብ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ክፍሉ ብዙ አልጋ ነበረው። ባሏ መስኮት አጠገብ ተኝቷል፤ ከስቷል፣ ትንፋሹ ይሰማል። እንዳትረብሸው ብላ ሳትናገር እጁን ያዘች። ዓይኑን ሳይከፍት መዳፏን ጨበጠው።

«በያጁ ነህ?» አለ።

«እኔ ነኝ።»

በአውራ ጣቱ መዳፏን ይዳስስ ጀመር፤ ብረት እንደሚዳስስ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። የደደረውን አገኘው፣ የተሰበረውን ጥፍር አገኘው፣ የጋለ ብረት ያቃጠላትን ጠባሳ አገኘው፤ እዚያ ላይ ቆየ።

«ይሄ የኔ እጅ ነው እኮ» አለ። ቀጥሎም ከሄደ ወዲህ አንድም ቀን ያልጠየቃትን ጠየቃት። «አሁን ምን ገብቶልሽ ነው?»

ነገረችው። ከአንድ እርሻ የመጣ አሮጌ ማሽን መሆኑን፣ ባለቤቱ ናፍታውንና ውሃውን ቀላቅሎ ጉድ እንደሠራው፣ ቱቦው ውስጥ አይጥ ጎጆ ሠርታ እንዳገኘች። እሱ እየሳለ ሳቀ። ነርሷ አታስወሩት አለች፤ እሱ ግን ቀጥይ ይላታል። በጥያቄ ጥያቄ ማሽኑን በሙሉ አስፈታት፣ በሙሉ አስገጠማት። ወደ ግራው ሰንሰለት ጥርስ ሲደርሱ እዚያ ውስጥ ጥርሱ ስለሚዞርበት ባለብይ ኩሺኔታ ጠየቃት። አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው አለችው።

«እሱን አትመኚው። አውጥተሽ እዪው።»

«አውጥቼ ነው ያየሁት።»

«እንደገና እዪው።»

እሺ አለችው። ለጥቂት ቀናት እንዲህ አወሩ፤ ትንፋሹ እስከፈቀደለት። አንድ ቀን ጠዋት እሷ ሻይ ልታመጣ ወጥታ፣ ልጃቸው ፊቱን በእርጥብ ፎጣ እየጠረገችለት ሳለ ዐረፈ። ሰፊዋ ሁለት ብርጭቆ ይዛ ተመለሰች።

የቀበሩት እዚያው ልጃቸው ያለችበት ከተማ ነው። ባለረግረጉ ጭቃ ከነካ ቦት ጫማው ጋር ከሩቅ መጥቶ ከዘመድ በላይ አለቀሰ። ልጃቸው እናቷን እዚሁ ቅሪ ብላ ለመነቻት። ሰፊዋ የተከፈተ ማሽን ትቼ ነው የመጣሁት አለች። ልጇ በዚህ አዘነችባት፤ ከጊዜ በኋላ ግን ተረድታላታለች።

ቤት ስትደርስ በያጁ ጋራዡን ጠርጎ፣ ዕቃውን በሸራ ሸፍኖ ጠብቋታል። ምንም ሳትበላ ቱታዋን ለበሰች። የገጠመችውን ሁሉ ከግራው ሰንሰለት ጥርስ ላይ መልሳ ፈታች። ኩሺኔታውን አወጣችው፣ በናፍታ አጠበችው፣ መነጽሯን አድርጋ ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ሄደች። ብይዎቹን አንድ በአንድ አዞረቻቸው። ጭረት ፈለገች፣ ጉድጓድ ፈለገች፣ ሙቀት ያጠቆረው ቦታ ፈለገች። ጆሮዋ ላይ ይዛ አሽከረከረችው። አንዲት ነጥብ ብታገኝ፣ አይ ጋሽ ቀስ፣ እውነትህን ነው ልትለው ጓጉታ ነበር።

ምንም አልነበረውም። ኩሺኔታው ደህና ነው።

ይዛው ብዙ ቆመች። በያጁ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ምን ተገኘ ብሎ ጠየቃት። ምንም አለችው። ግራሶ ሞላችበትና ወደ ቦታው መለሰችው።